ከደመወዝ እስከ ደመወዝ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በገንዘብ ያዡ የተደረገ ንግግር)



የዓመቱን ገቢና ወጪ ቀደም ሲል አንብቤላችኋለሁ፤ ኦዲተሮቻችንም መርምረው ልክ ነው ብለዋል፤ ስለዚህ ወደዚያ አልመለስም። አሁን የቆምኩት ሊቀ መንበራችን «ስለ ቁጠባ ጥቂት ተናገር፤ ለመጽሔታችንም ጽሑፍ ይሆነናል» ብለው ስላዘዙኝ ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ስለ ቁጠባ ለመናገር የቆጠበ ሰው መሆን ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ጡረታ እስክወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ውስጥ የሌላውን ገንዘብ ስቆጥር ኖሬ የራሴን ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ። በኋላ ሳስበው ግን፣ ከተሳካለት ይልቅ የወደቀው የሚናገረው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ተነሣሁ። ከምነግራችሁ ውስጥ የሚያሳፍረኝ ነገርም አለበት። መሳቅ ትችላላችሁ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ችግሩ ግን በአብዛኛዎቻችን ቤት እንቁላሉ ገና ሳይፈለፈል ተጠብሶ መበላቱ ነው። ለምን እንደምንጠብሰው ነው ዛሬ መናገር የፈለግሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ አንድ እሑድ፣ እንደ ወትሮው መዋጮ ስንሰበስብ ውለን ገንዘቡ እኔ ዘንድ አደረ። እንደምታውቁት የእሑዱ ገንዘብ ሰኞ ጠዋት ባንክ እስኪገባ ድረስ በብረት ሣጥን ተቆልፎ እኔ ቤት ነው የሚያድረው። ያን ቀን የተሰበሰበው 19,600 ብር ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ የመጨረሻው ልጄ ሆዱን ይዞ ይጮህ ጀመር። በኮንትራት ታክሲ ይዘነው በቅርብ ወደሚገኝ የግል ሆስፒታል ሮጥን። ሐኪሙ አየውና «ትርፍ አንጀት ነው፤ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን መሆን አለበት» አለን። ገንዘብ ተቀባይዋ ደግሞ በቅድሚያ 15,000 ብር ማስያዣ ጠየቀችን። ታላቅ እኅቱን እሱ ዘንድ ትተን ከባለቤቴ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። ኪሴ ውስጥ ያለውና ባንክ ደብተሬ ላይ ያለው ተደምሮ 1,340 ብር ነበር። ደመወዝ ሊወጣ ገና አሥር ቀን ይቀረዋል።

ሣጥኑን ከፈትኩ፤ አልደብቃችሁም። የእናንተን ገንዘብ አውጥቼ አልጋ ላይ 15,000 ብር ቆጠርኩ። «ከነገ ወዲያ እመልሰዋለሁ» እያልኩ ነበር የምቆጥረው፤ ከምን እንደምመልሰው ግን አላውቅም። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «አንተ ሰውዬ፣ ያንን መልሰህ ቆልፈው» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ከሽሮ ማስቀመጫው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ ወጣች። ፈታ ስትቆጥረው 10,000 ብር ሆነ።

7,200ው ከሁለት ሳምንት በፊት የደረሳት እቁብ ነው፤ የቀረው በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ከምትሸጠው ያጠራቀመችው ነው። ሃያ አራት የሰፈራችን ሴቶች በየሳምንቱ 300 ብር የሚጥሉበትን ያንን እቁብ እኔ ለዓመታት «የቡና ላይ ወሬ» እያልኩ አላግጥበት ነበር። የጎደለውን 5,000 ብር ዛሬ እዚህ መካከላችን የተቀመጡ ጎረቤቴ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ሰጡኝ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ አይወዱም። ልጁ ድኗል፤ ጠዋት ወንበር ሲደረድር ያያችሁት እሱ ነው። የእናንተም ገንዘብ ሰኞ ጠዋት አንድ ብር ሳይጎድል ባንክ ገብቷል። በሳምንቱ ግን ሣጥኑን ከፍቼ እንደ ነበር ለኮሚቴው ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ነው ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ያበጀው፤ ሁለተኛው ቁልፍ ያለው ከጸሐፊያችን ዘንድ ነው። አንዳንዶቻችሁ ምክንያቱን ስትጠይቁኝ «ለአሠራር እንዲመች ነው» ብዬ አልፌያችሁ ነበር። እንግዲህ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ልጁ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ባለቤቴን «ለምን ደበቅሽኝ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አልደበቅኩህም፣ አልጠየቅኸኝም» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ብነግርህ ኖሮ እስከ ዛሬ ይኖር ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ወረቀት አሰመርኩና የዓመቱን የቤታችንን ወጪ መጻፍ ጀመርኩ። በየወሩ ለምን እንደሚያጥረኝ ሁልጊዜ የምሰጠው ምክንያት አንድ ነበር፤ «ድንገተኛ ወጪ መጣብኝ» ነው። ስለዚህ ለድንገተኛ ወጪ ለብቻው አንድ ዓምድ ሠራሁለት። ለዘመን መለወጫ 4,500 ብር ወጥቷል። ለልጆች መመዝገቢያ፣ ለደብተርና ለደንብ ልብስ 6,200። ለገና 2,800፤ ለፋሲካ 6,500። ለሠርግና ለክርስትና የሰጠነው ከ4,000 አያንስም። አገር ቤት ለለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ደግሞ 3,000 ሄዷል። ደመርኩት፤ 27,000 ብር።

ከዚያ ወረቀቱን እያየሁ ራሴን ታዘብኩት። ፋሲካ ድንገተኛ ነው እንዴ? ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባቶቻችን የሚመጣውን ዓመት ቀርቶ የልጅ ልጆቻችን የሚፈስኩበትን ቀን ቆጥረው ይነግሩናል። መስከረም ድንገተኛ ነው? ትምህርት ቤት ክረምት በወጣ ቁጥር ይከፈታል። ለሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ረመዳንና ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ ስለሚመጡ ሒሳቡ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ዓመት ከሌላ ትልቅ ወጪ ጋር ይገጣጠማሉ፤ ቢሆንም ወሩ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሠርግም ቢሆን ማን ያግባ ማን አናውቅም እንጂ ጥር ሲመጣ ካርድ እንደሚመጣ እናውቃለን። በዚያ ዓመት ከተጻፈው ሁሉ በእውነት ድንገተኛ የነበረው የልጄ ሕመምና አገር ቤት የሄድንበት ለቅሶ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ቀን ቆርጦ፣ ደጃፍ አንኳኩቶ የሚመጣ እንግዳ ነው።

27,000 ብር ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል በወር 2,250 ብር ይሆናል። ያን ጊዜ እጄ ላይ የሚደርሰው የተጣራ ደመወዝ 7,900 ብር ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኔ 7,900 ብር አለኝ እያልኩ ስኖር በእውነቱ ለወር ቀለብና ለወር ወጪ ያለኝ 5,650 ብር ብቻ ነበር። ልዩነቱን ከየት አመጣው ነበር? ከሱቅ በዱቤ፣ ከጓደኛ በብድር። መስከረምን በጥቅምትና በኅዳር ደመወዝ እከፍላለሁ፤ ያ ሳይዘጋ ገና ይደርሳል፤ ገናን በየካቲት ስዘጋ ፋሲካ ይመጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ባጀት የሚባለውን ነገር በመሥሪያ ቤት በየዓመቱ ሳዘጋጅ ለቤቴ አንድ ቀን እንኳ አላዘጋጀሁም።

አሁን ወደ እድራችን ልመለስ። ከመካከላችን «እኔ መቆጠብ አልችልም፤ ተፈጥሮዬ አይደለም» የሚል ብዙ ሰው አለ። እኔ መዝገቡን የምይዝ ነኝና ልመስክር። ይህን የሚሉት ሰዎች የእድር መዋጮ ሳያስታጉሉ ዓመታት አልፈዋል። መዋጮው ከፍ ባለ ቁጥር ታጉረመርማላችሁ፤ ትከፍላላችሁም። ዝናብ ቢዘንብ በልጅ ትልካላችሁ። ይህ ቁጠባ ካልሆነ ምንድን ነው? የሰው ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ እድር ባልቆመ ነበር። እድሩ የቆመው በአሠራሩ ነው፤ የመክፈያው ቀን የታወቀ ነው፤ ያልከፈለ ስሙ ይነበባል፤ ያዘገየ መቀጫ አለበት፤ ከገባ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ሊያወጣው አይችልም። ቤታችን ውስጥ ስንቆጥብ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። «ከወር ወጪ የተረፈውን አስቀምጣለሁ» እንላለን። እስቲ የእድራችንን መዋጮ «ከወር ወጪ የተረፋችሁን አምጡ» ብለን ብንሰበስብ ስንት ብር የምናገኝ ይመስላችኋል? ለአንድ ድንኳን ኪራይ አይበቃም!

የጡረታ መዋጮም እንዲሁ ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ደመወዝተኛ የሆናችሁ ሁሉ ያ 7 በመቶ ቤታችሁን አፈረሰው? አላያችሁትምና አላዘናችሁለትም። በአገራችን የመጀመሪያው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ሲቋቋም፣ ከዚያም ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የተቋቋሙት ማኅበራት፣ የሚሠሩት በዚሁ ብልሃት ነው፤ ደመወዙ እጅ ሳይገባ አስቀድሞ ይቆረጣል።

እኔም ይህን ገብቶኛል ብዬ በ2015 መስከረም ጀመርኩ። ደመወዝ በወጣበት ቀን 2,250 ብር ለብቻ አስቀምጣለሁ አልኩ። ሁለት ወር ደህና ሄደ። በሦስተኛው ወር ለጓደኛዬ ልጅ ሠርግ ልብስ ማሰፊያ 1,800 ብር አወጣሁ። «እተካዋለሁ» ብዬ ነበር፤ አልተካሁትም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ከመጣ በኋላ ገንዘብ ከስልካችን ሳይወጣ እንዲሁ መሄድ ጀምሯል። ነገሩ መልካም ነው፤ የእድሩንም መዋጮ በእርሱ የምትልኩ አላችሁ። ለእኔ ቢጤ ግን ገንዘብ ከጣት በታች መሆኑ አደጋ ነው፤ ድሮ ባንክ ሄጄ ተሰልፌ እስካወጣ ድረስ እንኳ ሐሳቤን የምቀይርበት ጊዜ ነበረኝ።

በመጨረሻ ባለቤቴ ነች መላውን ያመጣችው። «እድራችሁ በስንት ፊርማ ነው የሚያወጣው?» አለችኝ። በሦስት፣ አልኳት። «እኛም በሁለት እናድርገው» አለች። ባንክ ሄደን ሁለታችንም ካልፈረምን የማይወጣ የጋራ ሒሳብ ከፈትን። ደብተሩን የምትይዘው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ማውጣት ስፈልግ ምክንያቱን ጮክ ብዬ ለሰው መናገር ግድ ሆነብኝ። ስንቱ ምክንያት ከአፌ ሲወጣ እኔን ራሴን አሳፈረኝ መሰላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ለራሱ የሚያስቀምጥ ሰው ስሙ ጥሩ አይደለም። ዘመድ መጥቶ ሲለምነው «እየቆጠብኩ ነው» ብሎ የመለሰ ሰው ስስታም ይባላል፤ ወሬው እስከ አገር ቤት ይደርሳል። «እቁብ አለብኝ» ቢል ግን ማንም አይቀየመውም። ይኸው ገንዘብ ነው፤ ግን ለእቁብ የተባለ ገንዘብ የሰው ዕዳ ያለበት ስለሆነ ይከበራል። ባለቤቴ ይህን ከእኔ ቀድማ አውቃለች። እሷ ወንድሟ ሲመጣ «የእቁብ ነው» ትላለች፤ እኔ ግን «አለኝ» ወይም «የለኝም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረኝም። «አለኝ» ካልኩ ይሄዳል፤ «የለኝም» ካልኩ ዋሸሁ። መስጠት ቢቀር አልልም፤ ሰው በሰው ነው የሚኖረው። ለዘመድ ለችግር የምንሰጠውም እንደ ፋሲካው በወረቀቱ ላይ ይጻፍና በዓመት ይህን ያህል ተብሎ ይቀመጥ ነው የምለው። እኛ አሁን እንዲህ እናደርጋለን። ያ ሲያልቅ «አልቋል» ማለት ይቻላል፤ ውሸትም አይደለም።

«ገንዘቡ በየቀኑ እየረከሰ ምን ይቆጠባል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ባለፈው ዓመትም ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በግንቦት 2014 የዋጋ ንረቱ ከዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር 37 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ዝቅተኛው የባንክ የቁጠባ ወለድ ደግሞ በጥቅምት 2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያለው ነው። እንግዲህ 10,000 ብር አስቀምጦ በዓመቱ 10,700 ያገኘ ሰው፣ አምና በ10,000 ይገዛ የነበረውን ዕቃ ለመግዛት 13,700 ያስፈልገዋል። ገንዘቡ የሚገዛለት የአምናውን 7,800 ብር ያህል ዕቃ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዘይቱም መድኃኒቱም ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ታዲያ ሒሳቡ በዚህ አያልቅም። ያ 10,000 ብር በዚያች ሌሊት ባይኖረኝ ምን አደርግ ነበር? አንድም የእናንተን ሣጥን፣ አንድም አራጣ። አራጣ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም እንዳለ ሁላችን እናውቃለን። በወር አሥር በመቶ ከሆነ 10,000 ብር በየወሩ 1,000 ብር ይበላል፤ በዓመት 12,000 ከፍሎ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ እንዲያተርፍ አይጠበቅም፤ ዋጋው ቢቀንስም ከአራጣ ያድናል። የእኔ አስተያየት፣ ለዚያ የሚሆነውን ያህል በባንክ ማኖር፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ግን ወደ ዕቃ መለወጥ ነው። ጤፍ በደህናው ጊዜ አዝመራው በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ይረክሳል፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። እኛ አራት ጎረቤታሞች ሆነን ጥር ላይ እህል በረንዳ ሄደን በኩንታል እንገዛለን። ከሱቅ በኪሎ ስንገዛ ከነበረው ጋር ሳስተያየው፣ ባንክ የሚሰጠኝን ወለድ እጥፍ አድርጎ ያተርፍልኛል። ነቀዝ እንዳይገባበት ግን ተጠንቀቁ።

ጥሬ ብር በጨርቅ ቋጥሮ ማስቀመጡን ግን አላበረታታም፤ ባለቤቴም ትስማኝ። በመስከረም 2013 የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው የ200 ብር ኖት ሲወጣ መለወጫው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ያን ጊዜ ከፍራሽ ሥር ገንዘብ እያወጡ ባንክ በር ላይ ሲሰለፉ የነበሩትን አይተናል። ስለ እቁብም አንድ ነገር ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ መጀመሪያ የደረሰው ተጠቃሚ ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ያው ቁጥሩ ነው የሚሰጠው እንጂ የሚገዛው አንድ አይደለም። ስለዚህ ረጅም እቁብ አትግቡ፤ የጥቂት ወር ይብቃችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው የሚያስቀይመው ሰው ይኖራል። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ ንፍሮና ቡናው በእኛ ነው። ሐዘንተኛው ሳይበደር ይቀብራል፤ እድር የተቋቋመውም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለአርባውና ለሰማንያው ምን እንደሚሆን አይተናል። ባሏን የቀበረች ሴት እድሩ የሰጣትን ገንዘብ ጨርሳ፣ ተበድራ ድግስ ደግሳ፣ የምንበላው እኛው ነን። ጸሎቱ ይቅር አላልኩም፤ ያ የሃይማኖት ነገር ነው፣ የካህናት ሥራ ነው። ግን በሬው ጸሎቱ ውስጥ የለም። ማን ይጀምር ተብሎ ሁሉም እያየ ነው እንጂ ብዙ ቤት በልቡ እንደ እኔ ያስባል። እኔ ለልጆቼ ጽፌ ፈርሜ ሰጥቻለሁ፤ ለእኔ በሬ አይታረድ። አንድ ቅጂ ለጸሐፊያችን አስረክቤአለሁ፤ በኋላ «አባታችን እንዲህ አላሉም» እንዳይባል።

ደግሞም የቀን ሠራተኛ ለሆናችሁ፣ ዛሬ ያገኛችሁትን ዛሬ ለምትበሉ፣ ይህ ንግግር እንደ ተግሣጽ እንዳይቆጠርብኝ። ከሌለው ላይ ቆጥብ ማለት ስድብ ነው። የእኔ ነገር ደመወዝ እያለው ከደመወዝ እስከ ደመወዝ መድረስ ላቃተው ሰው ነው። ለእናንተ የሚሻለው በኮሚቴው የተያዘው ሐሳብ ይመስለኛል፤ ይኸውም እድራችን ለሞት ብቻ ሳይሆን አባል ታሞ ሲተኛ ያለ ወለድ የሚያበድረው ጥቂት ገንዘብ ለይቶ ቢያኖር የሚለው ነው። ለቀብራችን ይህን ያህል ተዘጋጅተን ለሕመማችን ምንም አለማዘጋጀታችን ያን ሌሊት ነው የገባኝ። በአጀንዳው አምስተኛ ቁጥር ላይ አለ፤ ሲደርስ እጃችሁን አውጡ።

የእኛ ቤት ነገር ዛሬ የት እንደ ደረሰ ለመስማት ለምትፈልጉ፤ ያለፈውን ፋሲካ ያለ ዱቤ ውለናል፤ የጎረቤቴን 5,000 ብር በስምንት ወር ከፍዬ ጨርሻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ገቢው ስላነሰ የምናስቀምጠውም አንሷል፤ ቀኑ ግን አልተለወጠም። በሴቶቹ እቁብ ውስጥ ለምኜ ገብቻለሁ። ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። ዳኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ባለፈው ሳምንት አርፍጄ ብደርስ 20 ብር ቀጥታኛለች።